አራት ፊደላት፣ ሰባት ድምፆች
(ማንበብና መጻፍ ለጨረሱ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብኩት ስለ እንግሊዝኛ ፊደል ነው። «የራሳችንን ፊደል ገና ቆጥረን መነሣታችን ነው፤ የፈረንጅ ፊደል ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከንግግሩ ታገኙታላችሁና ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ በሁለት በኩል ያገባናል።

አንደኛ፣ ልጆቻችሁ ተማሪ ቤት ይሄዳሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ማታ ምድጃ ዳር ደብተሩን ዘርግቶ የሚያነበው ልጅ፣ ትናንት በደንብ ያነበባቸውን ፊደላት ዛሬ በሌላ ቃል ውስጥ ሲያገኛቸው ይሳሳታል። አባት ይህን ይሰማል። «ይህን ያህል ዓመት ተምሮ አራት ፊደል ካላወቀ፣ ይልቅ ከብት ይጠብቅልኝ» ይላል። እንዲህ እየተባለ ከትምህርት የሚቀር ልጅ አለ። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ማስቀሪያው ሰበብ ይፈጥናል።

ሁለተኛ፣ እናንተ ራሳችሁ ስታነቡ ትደናቀፋላችሁ። በዚያን ጊዜ «የኛ አእምሮ ዝጓል፤ ትምህርት ለልጅ ነው» የሚል ተስፋ መቁረጥ ይመጣል። እንግሊዝኛ እየደባለቀ የሚናገር ሰው ፊት አንገት መድፋትም አለ።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። አንባቢ የሚደናቀፈው ሁልጊዜ አእምሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ መንገዱ ራሱ ጠማማ ነው። መንገዱ ጠማማ መሆኑን ያወቀ ሰው የወደቀውን ልጅ አይመታውም፤ እጁን ይዞ ያነሣዋል እንጂ።

አራቱ ፊደላት

እንግሊዝኛ የሚጻፈው በ26 ፊደላት ነው። የኛ ፊደል 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ቅርጽ አለው። ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው «የነሱማ እንዴት ይቀላል!» ይላል። ግን አይቸኩል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድምፆች ቢቆጠሩ 44 ያህል ናቸው። 44 ሰው የሚሠራውን ሥራ ለ26 ሰው ብታከፋፍሉት ምን ይሆናል? አንዱ ሰው ሁለትና ሦስት ሥራ ደርቦ ይይዛል። የእንግሊዝኛ ፊደላትም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ፊደል ዛሬ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገ በሌላ ቃል ውስጥ ሌላ ድምፅ ይሰጣል።

ለምሳሌ አራት ፊደላት ብቻ እንውሰድ። በአንዳንድ ቃላት ውስጥ ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው። በትልቁ ሲጻፉ መልካቸው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ክብ ነው፤ የኛን «ዐ» ይመስላል፤ ስሙ ኦ ነው። ሁለተኛው አፉን ወደ ላይ ከፍቷል፤ የኛን «ሀ» ይመስላል፤ ስሙ ዩ ነው። ሦስተኛው እንደ ማጭድ ጎብጦ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፏል፤ ስሙ ጂ ነው። አራተኛው ሁለት ቋሚ እንጨት በአንድ አግዳሚ የተያያዘ ነው፤ አንድ እርከን ብቻ ያለው መሰላል በሉት፤ ስሙ ኤች ነው። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች።

እነዚህ አራት ፊደላት የት ይገኛሉ? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ገበሬ በሚያውቃቸው ብዙ ቃላት ውስጥ ይገኛሉ። ማረሻ፣ ድርቅ፣ ሊጥ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሳል፣ ሻካራ፣ ጠንካራ፣ በቂ፤ የነዚህ ሁሉ ነገሮች የእንግሊዝኛ ስማቸው ሲጻፍ አራቱ ፊደላት አሉበት። በቅርጽ አንድ ናቸው። በድምፅ ግን አይገናኙም።

ሰባቱ ቤተሰቦች

ፊደላቱ አንድ ሆነው ድምፃቸው ስለሚለያይ፣ ቃላቱን በቤተሰብ በቤተሰብ ብንመድባቸው ይሻላል። በግና ፍየል አብረው ቢውሉም ማታ ሲገቡ ይለያዩ የለም?

1. መጨረሻቸው «አፍ» የሚል ቤተሰብ። «ራፍ» ማለት ሻካራ ነው። «ታፍ» ማለት ጠንካራ፣ የማይበገር ማለት ነው፤ ጤፍ እንዳይመስላችሁ። «ኢናፍ» ማለት በቂ ነው።

2. «ኦፍ» የሚል ቤተሰብ። «ኮፍ» ማለት ሳል ነው። «ትሮፍ» ማለት ከብት የሚጠጣበት ወይም የሚበላበት ገንዳ ነው።

3. «አው» የሚል ቤተሰብ። «ፕላው» ማለት ማረሻ ነው፤ ማረስም ይሆናል። «ባው» ማለት የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። «ድራውት» ማለት ድርቅ ነው። ያን ክፉ ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ላስረዳችሁ አልችልም።

4. «ኦው» የሚል ቤተሰብ። «ዶው» ማለት ሊጥ ነው።

5. «ኦ»ን ረዘም አድርጎ የሚል ቤተሰብ። «ቦት» ማለት ገዛ ነው። «ብሮት» ማለት አመጣ ነው። «ፎት» ማለት ተዋጋ ነው።

6. «ኡ» የሚል ቤተሰብ። «ስሩ» ማለት በመካከል አልፎ ወይም ዘልቆ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጡ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል ያደርጋሉ።

7. አጭርና ደካማ «ኧ» የሚል ቤተሰብ። «ባረ» ማለት በራሱ አስተዳደር ሥር ያለ የከተማ ክፍል ነው። የለንደን ከተማ 32 እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሏት።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ልንገራችሁ። «ጠንካራው ገበሬ ሳል ይዞት ሳለ፣ በድርቅ ወራት፣ ሻካራውን መሬት አረሰ፤ ለቤቱም በቂ ሊጥ አመጣ።» ጠንካራ፣ ሳል፣ ድርቅ፣ ሻካራ፣ አረሰ፣ በቂ፣ ሊጥ፣ አመጣ። ስምንት ቃላት ናቸው። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በስምንቱም ውስጥ እነዚያው አራት ፊደላት አሉ። ሲነበቡ ግን ድምፃቸው አምስት ዓይነት ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ልጁ ትናንት «ራፍ» ብሎ በትክክል አንብቧል። ዛሬ ያንኑ ፊደል ሊጥ በሚለው ቃል ውስጥ ሲያገኘው «ዳፍ» ብሎ ቢያነብ ጥፋቱ የማን ነው? ልጁ እኮ የተማረውን ሥራ ላይ አውሏል። ያሳሳተው ማስተዋሉ ነው።

ይህ ችግር የኛ ልጆች ብቻ አይደለም። ከእናቱ ጡት ጋር እንግሊዝኛ የጠባው ልጅ እንኳ፣ ከፊንላንድ ወይም ከጣሊያን ልጅ ይልቅ ማንበብ ለመልመድ ረዥም ጊዜ እንደሚወስድበት በጥናት ታውቋል። ፊንላንድኛና ጣሊያንኛ የሚጻፉት ከሞላ ጎደል እንደሚነገሩት ስለሆነ ነው። በአሜሪካን አገርም ከ1925 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ፣ ልጆች የቃላትን ፊደል አንድ በአንድ በቃል እየጠሩ የሚወዳደሩበት አገር አቀፍ ውድድር አለ። አሸናፊው ይሸለማል። የገዛ ቋንቋን ቃል በትክክል መጻፍ ሽልማት ካሰጠ፣ ነገሩ የቱን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ጠማማው መንገድ ከየት መጣ?

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሺህ ዓመት በፊት የእንግሊዝ አገር ገበሬ እነዚህን ቃላት ሲናገር፣ በመጨረሻቸው ጉሮሮን የሚፍቅ ድምፅ ያወጣ ነበር። ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነው። እኛ «ኽ» ብለን ብንጽፈው ይቀርበዋል። ማረሻን «ፕሎኽ»፣ ሻካራን «ሩኽ»፣ ሊጥን «ዳኽ» ይል ነበር። የሳል ስም እንኳ ሰው ሲያስል የሚያሰማውን ድምፅ የሚመስል ነበር።

ዛሬ የሚጻፉበት የላቲን ፊደል ወደ እንግሊዞች የገባው ከክርስትና ሰባኪዎች ጋር ነው። በ597 ዓ.ም. ከሮም የተላኩ መነኮሳት ወደ አገሪቱ ደረሱ። ይዘውት የመጡት ፊደል ለላቲን ቋንቋ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነበር። ለእንግሊዝኛ ሲያለብሱት አንዳንድ ቦታ ጠበበ። ለዚያ ለጉሮሮው ድምፅ የሚሆን የራሱ ፊደል አልነበረውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በኤች ብቻ ይጽፉት ነበር።

በ1066 ዓ.ም. ደግሞ ኖርማንዲ ከምትባል የፈረንሳይ ክፍል ዊልያም የሚባል መስፍን ጦሩን ይዞ ባሕር ተሻገረ። እንግሊዝንም ያዘ። ከዚያ ወዲህ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ የገበሬና የሎሌ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ ይከራከሩለት ነበር፤ በማያውቀው ቋንቋም ይፈርዱበት ነበር። በ1362 ዓ.ም. ምክር ቤቱ «ሕዝቡ ስለማይሰማው ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን» ብሎ ደነገገ። የሚገርመው፣ ያ ሕግ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የሠለጠኑ ጸሐፊዎች የገበሬውን የጉሮሮ ድምፅ ለመጻፍ ጂንና ኤችን አንድ ላይ አቆራኙ። ሁለቱ ፊደላት «እዚህ ላይ ጉሮሮ ይሠራል» የሚሉ ምልክት ሆኑ። በጊዜው ልክ ነበር። የተጻፈው ይነበብ ነበር፤ የሚነበበውም ይነገር ነበር።

ነገር ግን ሰው ሲናገር አፉ አንድ ቦታ አይቆምም። ከ1400 እስከ 1700 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የእንግሊዞች አነጋገር እጅግ ተለወጠ። ያ የጉሮሮ ድምፅ ለመናገር ከበዳቸው። አንዱ አውራጃ ጨርሶ ጣለው። ሌላው አውራጃ «ፍ» ወደሚል ድምፅ ለወጠው። ከየአውራጃው የመጣ ሰው ለንደን ላይ ሲገናኝ፣ አንዱን ቃል ከወዲህ ሌላውን ቃል ከወዲያ እየወሰደ ቀላቀለ። ለዚህ ነው «ራፍ»፣ «ፕላው» እና «ስሩ» ያልተገናኙት። ሊጥን እንኳ በሰሜኑ ክፍል «ዳፍ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም በዚያ ስም የሚጠራ የተቀቀለ ጣፋጭ ምግብ አለ። ያ ምድጃ ዳር ያለው ልጅ «ዳፍ» ብሎ ቢያነብ፣ ሳያውቀው የአንድ አገር ገበሬ አነጋገር ነው ያመጣው።

አነጋገሩ በሚለወጥበት በዚያው ዘመን ማተሚያ መጣ። በ1476 ዓ.ም. ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው ለንደን አጠገብ፣ ዌስትሚንስተር ላይ፣ የመጀመሪያውን ማተሚያ አቆመ። ማተሚያ ደግሞ የጻፈውን በብዙ መቶ ቅጂ ይበትናል። አጻጻፉ ቀስ በቀስ ባለበት ረጋ። በ1755 ዓ.ም. ሳሙኤል ጆንሰን የተባለ ሊቅ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ፣ የረጋው ይበልጥ ጸና።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ እንበል። ከጊዜ በኋላ ወንዙ አቅጣጫውን ለወጠ። ድልድዩ ግን ከደረቁ መሬት ላይ ቆሞ ቀረ። አላፊ አግዳሚው «እዚህ ውሃ የለ፣ ድልድዩ ምን ያደርጋል?» ይላል። ጂና ኤች በ«ፕላው» ውስጥ እንዲያ ያለ ድልድይ ናቸው። ወንዙ ከሄደ ቆይቷል።

የኛስ ቤት?

በሰው ቤት ጉድፍ ከመሳቃችን በፊት የራሳችንን ጓዳ እንመልከት።

«አረሰ» የሚለውን ቃል የማያውቅ እዚህ የለም። በግዕዝ ይህ ቃል «ሐረሰ» ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ወንድማችን እስከ ዛሬ ከጉሮሮው አውጥቶ «ሓረሰ» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ያን ድምፅ ጥሎ «አረሰ» አለ። አስተውሉ! የእንግሊዝ ገበሬ ከ«ፕሎኽ» የጉሮሮውን ድምፅ ጣለ፤ የኛም ገበሬ ከ«ሐረሰ» የጉሮሮውን ድምፅ ጣለ። ሁለቱም እርፍ እንደጨበጡ፣ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። ልዩነቱ እኛ ይህን ቃል አፋችን እንዳለው መጻፋችን ነው። እነሱ የድሮውን ፊደል ይዘው ቀሩ።

ሁሉንም ግን አልጣልንም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በግዕዝ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። በአማርኛ ሦስቱም አንድ ሆነዋል፤ ፊደሎቹ ግን አሁንም ሦስት ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። «ፀሐይ» ስትጽፉ «በየትኛው ነው?» ብላችሁ የምትጨነቁት ለዚህ ነው። ስለዚህ የኛ ጣጣ ከነሱ ጣጣ ተቃራኒ ነው። በኛ ብዙ ፊደል አንድ ድምፅ ይሰጣል። በነሱ አንድ ዓይነት ፊደል ብዙ ድምፅ ይሰጣል። የኛ የሚያስቸግረው ጸሐፊውን ነው። የነሱ አንባቢውንም ጸሐፊውንም ያስቸግራል።

አንባቢን የሚያሳስት ነገር በኛም ቤት አልጠፋም። «በጉ ይበላል» ብዬ ብጽፍ ምን ትላላችሁ? በጉ ሣር ይበላል ነው? ወይስ በጉ ታርዶ ይበላል ነው? አንዱን አላልቶ፣ አንዱን አጥብቆ ማንበብ ነው። ፊደሉ ግን ያው ነው። «ማሳው ሰፊ ነው» እና «ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው» ሲባልም «ሰፊ» የሚለው በፊደል አንድ ነው፤ በድምፅ ግን ሁለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ስታነቡ ብዙም አትቸገሩም። ለምን? ማሳ ሲነሣ ስፋት፣ ልብስ ሲነሣ መርፌ ወደ ሐሳባችሁ ስለሚመጣ ነው። ቃሉን የፈታላችሁ ጎረቤቱ ነው።

የንባብ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ፊደል ይቆጥራል። የለመደ ሰው ቃልን ከነጎረቤቱ ያያል። ከዚህኛው ወደዚያኛው መሸጋገሪያው ደጋግሞ ማንበብ ብቻ ነው። የእንግሊዙም ሊቅ አራቱን ፊደላት በትክክል የሚያነበው ሕግ ስለነገሩት አይደለም። እያንዳንዱን ቃል ብዙ ጊዜ ስላገኘው ነው። እረኛ መቶ በግ ከሩቅ ለይቶ የሚያውቀው ሕግ አጥንቶ ነው እንዴ? አብሯቸው ስለዋለ አይደለም?

ለምን አያቃኑትም?

«ታዲያ ጠማማ ከሆነ ለምን አያቃኑትም?» ትሉ ይሆናል። የሞከሩ አሉ። ኖኅ ዌብስተር የሚባል አሜሪካዊ በ1828 ዓ.ም. ትልቅ መዝገበ ቃላት አውጥቶ አንዳንድ ቃላትን አቃለለ። ዛሬ አሜሪካኖች ማረሻን ሲጽፉ ዩ፣ ጂና ኤችን ትተው በኦ ላይ ደብልዩ ይጨምራሉ። ይኸው ሰው «ምላስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንደሚነገረው እንጻፈው ቢል ግን ሰሚ አላገኘም።

ሁሉን ማቃናት ያልተቻለበት ምክንያት አለ። እንግሊዝኛ የሚናገረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ አነጋገሩም በየአገሩ ይለያያል። የስኮትላንዱ፣ የአሜሪካኑ፣ የሕንዱ አንደበት አንድ አይደለም። «እንደሚነገረው ይጻፍ» ቢባል እንደማን ይጻፍ? እኛም ዘንድ «ከቤት» ብለን እንጽፋለን እንጂ አንዳንዱ አገር «ኸቤት»፣ አንዳንዱ አገር «ተቤት» ይላል። ሁሉም እንደየአፉ ቢጽፍ አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ለማንበብ ይቸገር ነበር። ጠማማም ቢሆን አንድ የጋራ መንገድ መያዙ ጥቅም አለው።

እኛ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን አራት ነገር ይወጣል።

አንደኛ፣ በንባብ የተሳሳተን ልጅ አትምቱት፤ ከትምህርትም አታስቀሩት። እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ እንኳ ልጁን ሊረዳ ይችላል። ደብተሩን ገልጣችሁ አራቱን ፊደላት ፈልጉ። ዐ፣ ሀ፣ ማጭዱ፣ መሰላሉ፤ ቅርጻቸውን አሁን ታውቃላችሁ። በትንሹ ሲጻፉ መልካቸው ለወጥ ስለሚል ልጁ ራሱ ያሳያችሁ። ከዚያ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ከየትኛው ቤተሰብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰባቱን ቤተሰቦች በአንድ ወረቀት ላይ ለይቶ ይጻፋቸውና ግድግዳ ላይ ይለጥፋቸው። አዲስ ቃል ባገኘ ቁጥር ከቤተሰቡ ጋር ይጨምረው። አንድ የሚረዳ ምልክትም አለ። ከአራቱ ፊደላት ቀጥሎ ቲ የሚባለው፣ መስቀል የሚመስለው ፊደል ካለ፣ ቃሉ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በ«ኦት» ያልቃል፤ ቦት፣ ብሮት፣ ፎት እንደማለት። ከዚህ ያፈነገጠው ዋነኛው ቃል ድርቅ ነው። ድርቅ ከሕግ ቢያፈነግጥ አይገርምም።

ሁለተኛ፣ ከጤና ጣቢያ የሳል መድኃኒት ስትቀበሉ፣ ብልቃጡ ላይ እነዚያን አራት ፊደላት ልታዩ ትችላላችሁ። «ኮፍ» የሚለው ቃል ነው። ነገር ግን የቃሉን ቅርጽ ማወቅ መጠኑን ማወቅ አይደለም። ለማን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን ልክ እንደሚሰጥ የጤና ሠራተኛውን ጠይቁ። የነገራችሁን እዚያው ፊቱ በአማርኛ በወረቀት ላይ ጻፉትና መልሳችሁ አንብቡለት። ከዚያ ወረቀቱን ብልቃጡ ላይ ለጥፉ። «ለሕፃኑ፣ በቀን 3 ጊዜ» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ የጻፋችሁት መስመር፣ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ሕፃኑ ሲያስል ከማታውቁት ከየትኛውም ቋንቋ ይበልጣል። ማንበብ ብቻ አልተማራችሁም፤ መጻፍም ተምራችኋል እኮ።

ሦስተኛ፣ በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የእንግሊዝ ገበሬ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በማያውቀው ቋንቋ ሲፈረድበት ኖረ ብያችኋለሁ። በጉልበት ነው፤ ምርጫ አልነበረውም። እናንተ ግን «በሚገባኝ ቋንቋ ይነበብልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ይህን ማለት ድንቁርና አይደለም፤ አስተዋይነት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም?

አራተኛ፣ ራሳችሁን አትናቁ። ስታነቡ ብትደናቀፉ፣ ፊደል አሳስቷችሁ ሁለት ጊዜ ብትመለሱ፣ ያ የንባብ ሥራ ነው እንጂ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። ማታ ማታ አንድ ገጽ አንብቡ። አንድ ገጽ ቢበዛ ግማሽ ገጽ። እሱም ቢበዛ አምስት መስመር። የተማረ እጅ ካልጻፈ፣ የተማረ ዓይን ካላነበበ፣ እንዳልታረሰ መሬት ዳዋ ይለብሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እናቶችና አባቶች፤

ፊደል የመላእክት ሥራ አይደለም። ሰው የሠራው መሣሪያ ነው፤ እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር። መሣሪያ ደግሞ አንዳንዱ ይመቻል፤ አንዳንዱ ይጎረብጣል። የእንግሊዞቹ አራት ፊደላት የሚጎረብጡት፣ በውስጣቸው የጥንት ገበሬዎች ጉሮሮ ተቀብሮ ስለቀረ ነው። ያ ገበሬ ራሱ ምናልባት ማንበብ አያውቅም ነበር። ሌሎች ድምፁን ጻፉለት፤ እሱ ግን አላነበበውም። እናንተ የራሳችሁን ድምፅ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ራሳችሁም ታነቡታላችሁ። ይህን የያዘ ሰው ማንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፊት አንገቱን አይደፋም፤ ልጁንም ከትምህርት አያስቀርም።



የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አራቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ምን ምን ይመስላሉ? በጣታችሁ መሬት ላይ ሥሏቸው።
2. ጂና ኤች በጥንት ጊዜ ምን ዓይነት ድምፅ ያሳዩ ነበር?
3. «ሐረሰ» የሚለው ቃል በአማርኛ ምን ሆነ? ከ«ፕሎኽ» ጋር የሚያመሳስለው ምንድን ነው?
4. በፊደል አንድ ሆነው በማጥበቅና በማላላት የሚለያዩ ሁለት የአማርኛ ቃላት ፈልጋችሁ ጻፉ።
5. ልጃችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ እንግሊዝኛ ሲያነብ ቢሳሳት ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበት።